ማጊ ዎከር፦ የአጣቢዋ ልጅና የሳንቲም ባንኩ

ባለፈው ስብሰባችን ስለ ሥራ ቦታ መድልዎ ስንጨዋወት አብዛኛው ሰዓታችን ያለቀው ስድብና ንቀት ላይ ነበር። ማን ምን አለን፣ ማን ፊቱን አጠቆረብን፣ ማን በስማችን ሳቀ። ያ ሁሉ እውነት ነው፣ ያማልም። እኔ ግን የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ ይሆናል፣ መድልዎን የማውቀው ከአፍ ይልቅ በመዝገብ ላይ ነው። ማን የትኛው ክፍል ውስጥ ተቀመጠ? ለማን ስንት ይከፈላል? እድገት ያገኘው ማን ነው? ስድብ ሳይኖር፣ ሁሉም ሰው ፈገግ እያለ፣ መዝገቡ ብቻውን ይናገራል።

ይህን ከመቶ ዓመት በፊት አጥርታ ያየች አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ነበረች። የኖረችው ሩቅ አይደለም፤ እኛ ካለንበት ከሰሜን ቨርጂኒያ ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና ወደ ደቡብ ብንነዳ፣ ሪችመንድ ከተማ ነው። ስሟ ማጊ ሌና ዎከር ይባላል። በዕድሜ የአያቴ እናት ትሆናለች፣ አንቱ ማለት ነበረብኝ፤ ታሪኳን ሳነብ ግን እንደ ታላቅ እህት ስለቀረበችኝ እሷ እያልኩ እጽፋለሁ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ማጊ የተወለደችው ሐምሌ 15 ቀን 1864 ነው። የሰሜንና የደቡብ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ገና አላበቃም፤ ሪችመንድም ባርነትን ይዘው ለመቆየት የተነሡት የደቡቦቹ ዋና ከተማ ነበረች። እናቷ ኤልዛቤት ድሬፐር የወጥ ቤት ረዳት ሆና የምትሠራው በኤልዛቤት ቫን ሉ ቤት ነበር። ቫን ሉ ሀብታም ነጭ ሴት ብትሆንም፣ በደቡቦቹ ከተማ መሐል ተቀምጣ ለሰሜኖቹ ትሰልል ነበር። የማጊ አባት አየርላንድ የተወለደ ነጭ ሰው ነው። እናቷና አባቷ አልተጋቡም፤ በዚያን ጊዜ በቨርጂኒያ ጥቁርና ነጭ እንዳይጋቡ ሕጉ ይከለክል ነበርና።

እናቷ በኋላ ዊልያም ሚቸል የሚባል አሳላፊ አገባች። ኑሯቸው ደህና ነበር። በ1876 ግን ሚቸል ጠፍቶ ሰንብቶ አስከሬኑ ከጄምስ ወንዝ ወጣ። ባለሥልጣኖቹ ራሱን አጥፍቷል ብለው መዝገቡን ዘጉት፤ ሚስቱ ግን ተገድሏል ብላ ታምን ነበር። ለመበለቷ የቀረላት እጥበት ነው። የነጮችን ልብስ እያጠበች ልጆቿን አሳደገች፣ ማጊም የቆሸሸውን ከየቤቱ እየሰበሰበች፣ የታጠበውን በቅርጫት እየመለሰች አደገች። ገና በልጅነቷ የሰው ልብስ ተሸክማ በየደጁ የሄደች ልጅ፣ ማን በየትኛው በር እንደሚገባ ሳታውቀው አትቀርም።

ትምህርት ቤት ጎበዝ ነበረች። በ1883 ከጥቁሮች የመምህራን ማሠልጠኛ የተመረቀችው ከዘጠኝ ጓደኞቿ ጋር ነው። የዚያን ዓመት አንድ ነገር አደረጉ። ነጭ ተመራቂዎች በከተማው ቲያትር ቤት ሲመረቁ፣ ጥቁሮች በቤተ ክርስቲያን እንዲመረቁ ነበር ልማዱ። የማጊ ክፍል እምቢ አለ። ወላጆቻችን ግብር የሚከፍሉት እኩል ነው፣ ታዲያ አዳራሹ ለምን ይለያል የሚል ነው ነገሩ። ቲያትር ቤቱ ተፈቀደላቸው፣ ግን ዘመዶቻቸው ተለይተው ይቀመጣሉ ተባሉ። ያንንም እምቢ አሉ፤ መጨረሻ ላይ በራሳቸው ትምህርት ቤት አዳራሽ ተመረቁ። አሥር ወጣቶች ገና ሥራ ሳይቀጠሩ፣ ሊቀጥራቸው የሚችለውን አካል ተከራከሩት። እኔ በዚያ ዕድሜዬ ዲፕሎማዬን ልቀበል ስሄድ ያሳሰበኝ የቀሚሴ ቀለም ብቻ ነበር።

ከዚያ ሦስት ዓመት አስተማረች። እያስተማረች በትርፍ ጊዜዋ የሒሳብ አያያዝ ተማረች፣ ለአንድ የሴቶች ኢንሹራንስ ድርጅትም ሠራች። በ1886 አርምስቴድ ዎከር የሚባል የግንባታ ሥራ ተቋራጭ አገባች፤ ወዲያው ሥራዋን አጣች። ጥፋት ስለሠራች አይደለም። ያገባች ሴት እንዳታስተምር ደንቡ ይከለክል ነበር። እንግዲህ ይህች ሴት ዕድሜዋ ሃያዎቹን ሳያጋምስ ሁለት በር ተዘግቶባታል፣ አንዱ በቆዳዋ፣ አንዱ በቀለበቷ።

አሁን ወደ ማኅበሩ እንምጣ፤ እኛን ይበልጥ የሚመለከተን እሱ ነው። የቅዱስ ሉቃስ ነፃ ማኅበር ይባላል። በ1867 በባልቲሞር ሜሪ ፕራውት የምትባል ጥቁር ሴት ያቋቋመችው ነው። ሥራው ከእኛ እድር ጋር ብዙም አይለያይም፤ አባላት በየወሩ ያዋጣሉ፣ የታመመ ይጠየቃል፣ የሞተ በክብር ይቀበራል። የነጮች ኢንሹራንስ ጥቁሮችን ወይ አይቀበልም ወይ በውድ ያስከፍላል፣ ስለዚህ እድሩ ኢንሹራንሳቸውም ነበር። ማጊ በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ገብታ ነበር፤ በ1895 የልጆች ክፍል አቋቋመችለት፤ በ1899 ዋና ጸሐፊ ሆና ተመረጠች።

ስትረከብ ካዝናው ውስጥ የነበረው 31 ዶላር ከ61 ሳንቲም ነው። ያልተከፈለው ዕዳ 400 ዶላር። የሒሳብ ሠራተኛ የሆነች እህት ይህን ስታነብ ምን እንደሚሰማት አውቃለሁ። ከሷ በፊት የነበረው ወንድ ጸሐፊ በዓመት 300 ዶላር ይከፈለው ነበር፤ እሷ የተቀበለችው 100 ነው፣ ሲሶው ማለት ነው። ይህን ልብ በሉልኝ፤ ሲሶ የከፈሏት ነጮች አይደሉም፣ የራሷ ማኅበር ነው። ካዝናው ባዶ ስለነበር ነው ብሎ የሚከራከር ይኖራል፣ ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ካዝናው ሲሳሳ ለሴት ተሰጠ፣ ደመወዙም አብሮ ሳሳ እላለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በእኛም ማኅበራት አይቻለሁ።

ያን ጊዜ የሪችመንድ ሥራ እንዴት እንደተከፋፈለ መረዳት ያስፈልጋል፣ አለዚያ ቀጥሎ ያደረገችው አይገባንም። ከተማዋ የትምባሆ ከተማ ነበረች። በፋብሪካዎቹ ውስጥ ጥቁር ሴቶች የትምባሆውን ቅጠል ከአውታሩ ይለያሉ፤ አቧራው ሳንባ የሚገባው፣ ክፍያውም ዝቅ ያለው ሥራ ነው። ሲጋራ መጠቅለልና ማሸግ፣ ንጹሑና የተሻለ የሚከፈልበት፣ የነጭ ሴቶች ነበር፣ በሌላ ክፍል። ከፋብሪካ ውጭ ለጥቁር ሴት የቀረው የሰው ቤት ማጽዳት፣ የሰው ልጅ ማሳደግ፣ ወጥ ቤትና እጥበት ነው። ጥቂቶች አስተማሪ ይሆናሉ፣ እስኪያገቡ ድረስ። የሱቅ ሻጭ፣ ገንዘብ ተቀባይ፣ የባንክ ጸሐፊ፣ ታይፒስት የሚባለው ሥራ በነጮቹ ድርጅቶች ውስጥ ለጥቁር ሴት አልነበረም። ይህን የሚያስፈጽም ተሳዳቢ አለቃ አያስፈልግም። አስተናጋጁ ትሁት ሊሆን ይችላል። በሩ ብቻ የለም።

የማጊ ብልህነት እዚህ ላይ ነው። በሩን እንዲከፍቱላት ስትለምን አልከረመችም። በ1901 በማኅበሩ ጉባኤ ላይ ቆማ፣ መዋጮአችን ለቀብር ብቻ ተጠራቅሞ ለምን ይቀመጣል፣ በነጮች ባንክስ ለምን ይተኛል፤ ባንክ እናቋቁም፣ ጋዜጣ እናቋቁም፣ ሱቅና መስፊያ ቤት እንክፈት፣ ሴቶቻችንም እዚያ ይሥሩ የሚል ሐሳብ አቀረበች። በዓመቱ ጋዜጣው ወጣ። ለባንኩ ግን ጊዜ ወሰደች። የባንክ ሥራ ስለማታውቅ፣ በከተማው ካሉት የነጮች ባንኮች አንዱ ጋ ለወራት በየቀኑ ጥቂት ሰዓት እየተቀመጠች አሠራሩን ተማረች። ይህ ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ንግግር አሳምራ ጉባኤ ያስጨበጨበች ሴት፣ ማግስቱን ተማሪ ሆና መዝገብ ፊት ተቀመጠች።

የቅዱስ ሉቃስ የሳንቲም ቁጠባ ባንክ የተከፈተው ኅዳር 2 ቀን 1903 ነው። በመጀመሪያው ቀን ወደ 280 የሚጠጋ ሰው ተሰልፎ ከ8 ሺህ ዶላር በላይ አስቀመጠ። ከነሱ አንዱ ሒሳቡን የከፈተው በ31 ሳንቲም ነው። ባንኩ አልመለሰውም፤ ስሙ ራሱ የሳንቲም ባንክ ነውና። አጣቢዎችና የቤት ሠራተኞች በሳምንት የሚተርፋቸውን ያመጣሉ። ልጆች የካርቶን ሣጥን ይሰጣቸዋል፣ አንድ ዶላር ሲሞላ ይዘው መጥተው ሒሳብ ይከፍታሉ። ማጊ የባንክ ፕሬዚዳንት ሆነች፤ በአሜሪካ ባንክ አቋቁማ ፕሬዚዳንት በመሆን የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት። ከመስኮቱ ኋላ ደግሞ ገንዘብ የሚቆጥሩ፣ መዝገብ የሚይዙ ወጣት ጥቁር ሴቶች ተቀመጡ። ባንኩ እስከ 1920 ድረስ ከ600 በላይ ቤተሰቦች ቤት እንዲገዙ አበድሯል።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በ1904፣ የሪችመንድ የትራም ኩባንያ ጥቁሮች ለብቻቸው እንዲቀመጡ አዘዘ። ማጊና ሌላው የጥቁሮች ጋዜጣ ባለቤት ጆን ሚቸል ሰዉ በእግሩ እንዲሄድ ቀሰቀሱ። አጣቢዎች ቅርጫታቸውን ተሸክመው በእግር ሄዱ። ኩባንያው በዚያው ዓመት ከስሮ በፍርድ ቤት ሞግዚት ሥር ወደቀ። ሌሎች የገንዘብ ችግሮችም ነበሩበት፣ ሁሉንም ለእግረኞቹ አልሰጥም። ሁለት ዓመት ቆይቶ ግን ቨርጂኒያ መለያየቱን በሕግ ግዴታ አደረገችው። ያሸነፉ መስሏቸው ነበር።

ስለ ሱቁ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ታሪኳን የሚያነሡ ሰዎች ስለ ባንኩ አውርተው ሱቁን የሚያልፉት ስላልተሳካ ይመስለኛል። ለእኔ ግን ትልቁ ትምህርት ያለው እዚያ ነው።

የቅዱስ ሉቃስ ኢምፖሪየም የተባለው ትልቅ ሱቅ በ1905 በብሮድ ጎዳና ላይ ተከፈተ። ብሮድ የነጮች ነጋዴዎች ዋና ጎዳና ነበር። ጥቁር ሴት በነጮቹ ሱቅ ገንዘቧን ይዛ ገብታ ልብስ ለክታ ማየት አትችልም፣ ኮፍያ ራሷ ላይ ማድረግ አትችልም፣ ሻጭ ሆና መቀጠርማ የማይታሰብ ነው። በኢምፖሪየሙ ሻጮቹ ጥቁር ሴቶች ናቸው፤ ልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶቹ እንኳ ጥቁር ነበሩ።

ነጮቹ ነጋዴዎች ዝም አላሉም። መጀመሪያ የሞከሩት በገንዘብ ነው፤ ማኅበሩ ሱቁን እንዳይከፍት 10 ሺህ ዶላር አቀረቡ። እምቢ ተባሉ። ቀጥለው ማኅበር መሠረቱና ለጅምላ አከፋፋዮች ጻፉ፤ ለኢምፖሪየሙ የሚሸጥ ካለ እኛ ከሱ አንገዛም አሉ። አሁን አስተውሉ። ማንም አልተሳደበም፣ ማንም ድንጋይ አልወረወረም። ደብዳቤ ነው የተጻፈው። ዕቃ የሌለው ሱቅ ሻጭ አያስፈልገውም፣ ስለዚህ በዚያ ደብዳቤ እነዚያ ሴቶች ሥራቸው ከሥሩ ተነቀለ። መድልዎ ማለት የአንድ ክፉ አለቃ ጠባይ ብቻ ነው ብለን የምናስብ ከሆነ ይህን ደብዳቤ የት እናስቀምጠዋለን?

በዚያ ላይ ደግሞ የራሷ ሰዎች ነበሩ። ብዙ ጥቁሮች በጓሮ በር እየገቡም ቢሆን ከነጮቹ ሱቅ መግዛቱን አልተዉም። ማጊ በዚህ አዝና ወንዶቹን በግልጽ ወቀሰቻቸው፤ ሴቶቻችን የተከበረ ሥራ እንዲያገኙ እየተናገራችሁ፣ ደመወዛቸውን የሚከፍለውን ሱቅ አልፋችሁ ትሄዳላችሁ አለቻቸው። እኔ በዚህ ነጥብ ላይ ትንሽ እለያታለሁ። የዕቃው ዋጋ ከፍ ያለው አከፋፋዮቹ ስለታገዱ ነው፤ ድሃ ሰው ርካሽ ፍለጋ ቢሄድ ከነጋዴዎቹ ደብዳቤ ጋር እኩል አይወቀስም። የሆነ ሆኖ ኢምፖሪየሙ ስድስት ሰባት ዓመት ታግሎ ተዘጋ።

እዚህ ላይ የራሴን ጉዳይ ጣል ላድርግ። አገር ቤት በአካውንቲንግ በዲፕሎማ ተመርቄ፣ እዚህ ከመጣሁ በኋላ ቀድሞ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የተከፋይ ሒሳብ እይዝ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ሰው አሠልጥኜ ሦስቱም አለቆቼ ሆኑ። ሦስቱም ነጮች ነበሩ። አንድም ቀን ክፉ ቃል አልሰማሁም፤ በልደቴ ኬክ ይቆረስልኛል። እኔ ከደንበኛ ጋር የሚያገናኝ ቦታ ላይ ስለማልመች ነው ተባለ፣ ንግግሬን ማለታቸው ነው። ደንበኛ ግን በየቀኑ በስልክ አነጋግር ነበር። በመጨረሻ ምክር ፍለጋ ስሄድ መጀመሪያ የተጠየቅሁት ቀኑን ነው። ቀኑን አልጻፍኩትም። ጊዜው አልፎብኛል።

ይህን የምጽፈው ለማዘን አይደለም። ማጊ በሞተች በሠላሳ ዓመቱ፣ በ1964፣ በሥራ ቦታ በዘር መለየትን የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ ወጣ። አሁን በር አለ። ግን በሩ የቀን ገደብ አለው፤ ለፌዴራሉ የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽን አቤቱታ የሚቀርበው ድርጊቱ ከተፈጸመ በ180 ቀን ውስጥ ነው፣ ተመሳሳይ ሕግ የሚያስፈጽም የክልል ወይም የከተማ መሥሪያ ቤት ባለበት ቦታ ደግሞ በ300 ቀን ውስጥ። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የውስጥ ቅሬታ አቅርቦ መልስ መጠበቅ ቀኑን አያስቆመውም። ስለዚህ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንደነበረ፣ ለማን ስንት እንደተከፈለ ቤታችሁ ባለ ደብተር ላይ ጻፉ፤ በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ አይደለም። የቤት ጽዳትና የሆቴል ሥራ ላይ ላላችሁ እህቶችም እንደዚሁ ነው። ደብተሩ ካለ የሚነበብ ነገር አለ።

ወደ ማጊ ልመለስ። ያ ሁሉ ሥራ ሲሠራ ቤቷ ሰላም አልነበረም። በ1907 ወድቃ የጉልበቷ ሎሚ ተሰበረ፣ ከዚያ በኋላ እግሯ አልዳነም። በሰኔ 1915 ደግሞ የበለጠው መጣ። ልጇ ራስል አባቱን ሌባ መስሎት በሌሊት ተኩሶ ገደለው። ራስል በነፍስ ግድያ ተከሶ ቀረበ፤ ፍርድ ቤቱ በነፃ ለቀቀው። ባሏን ቀብራ፣ ልጇን ከእስር አውጥታ ሳትጨርስ፣ በማኅበሩ ውስጥ ያሉ ተቀናቃኞቿ ይህን ምክንያት አድርገው ከወንበሯ ሊያነሷት ተነሡ። ቆማ መዝገቧን ገለጠች፣ ስትረከብ ምን ያህል እንደነበረና አሁን ምን ያህል እንደሆነ አሳየች፤ አባላቱም አልለቀቋትም። ራስል ግን ከዚያ በኋላ አልቀና ብሎት በ1923 ሞተ።

በ1920ዎቹ አጋማሽ የቅዱስ ሉቃስ ማኅበር በ24 ክልሎች ከ100 ሺህ በላይ አባላት ነበሩት። በ31 ዶላር የተረከበችው ማለት ነው። በከተማው ትልቁ የነበረው ሌላው የጥቁሮች ማኅበር ባንክ በ1910 ሲወድቅ የእሷ አልወደቀም። የ1929ኙ የኢኮኖሚ ውድቀት ሲመጣ ደግሞ ለብቻ መቆም እንደማይቻል ገባት፤ ባንኳን ከሌሎች ሁለት የጥቁሮች ባንኮች ጋር አዋሐደችና የቦርድ ሰብሳቢ ሆነች። ፕሬዚዳንትነቱን ለሌላ ለቀቀች። ስሟን ከማስቀጠል ይልቅ የአስቀማጮቹን ሳንቲም ማዳን መረጠች። ብዙ ሊቀመንበሮችን አውቃለሁና ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በስኳር በሽታ ምክንያት በመጨረሻዎቹ ዓመታት በተሽከርካሪ ወንበር ነበር የምትንቀሳቀሰው። ቤቷ ውስጥ አሳንሰር አስገጠመች፣ መኪናዋንም ወንበሩ እንዲገባበት አሠራችው፤ ሥራዋንም አልተወችም። ታኅሣሥ 15 ቀን 1934 አረፈች። ባንኩ ከሷ በኋላም ለብዙ አሥርት ዓመታት በጥቁሮች እጅ ቀጥሏል።

ሊ ጎዳና ላይ ያለው ቤቷ ዛሬ በብሔራዊ ፓርክ አገልግሎት ሥር ያለ ቅርስ ነው፤ መግቢያ አያስከፍልም። ባለፈው የፀደይ ወራት ከሁለት የማኅበራችን አባላት ጋር ሄደን ነበር። ዕቃው በአብዛኛው እሷ እንደተወችው ነው። ከዚያ በእግር ወጥተን ብሮድ ጎዳና ላይ በ2017 የቆመላትን ሐውልት አየን። መነጽሯ ደረቷ ላይ በመርፌ ተሰክቷል፣ በእጇ የቼክ ደብተር ይዛለች። አብራን የነበረችው እትዬ፣ ሃያ ዓመት ሆቴል ስታጸዳ የኖረች ናት፣ ሐውልቱን ዞር ዞር ብላ ስታየው ቆየችና ቦርሳዋን ከፍታ እስክሪብቶ ጠየቀችኝ። የደመወዝ ደረሰኟ ጀርባ ላይ ቀን መጻፍ ጀመረች።